ብርቅዬዋ ጥገኛ ንብ፦ አገኛኘቷና ለእኛ ያላት ትርጉም

መግቢያ

የሰሜን ወሎ ሕዝብ ንብን በክብር ያውቃል። ቅዱስ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ እንደ ከበበው፣ የስሙም ትርጉም «ንቦች ንግሥናውን አወቁ» ማለት እንደሆነ በትውፊት ሲነገር ኖሯል። ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ ድረስ ንብ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ቀፎ፣ ሰም፣ ማርና ጠጅ ነው። ይሁን እንጂ በሳይንስ ከተመዘገቡት ከ20,000 በላይ የንብ ዝርያዎች መካከል ለሰው የሚተርፍ ማር የሚያከማቹት እጅግ ጥቂቶቹ ናቸው። አብዛኞቹ ቀፎ የላቸውም፤ መንጋና ሠራዊትም አያውቁም፤ እያንዳንዷ እናት ብቻዋን ጎጆዋን ቆፍራ፣ ብቻዋን ስንቅ ሰብስባ፣ ልጆቿን ሳታያቸው ትሞታለች።

ከእነዚህ የዱር ንቦች መካከል ደግሞ ይህን ድካም እንኳ የማይደክሙ አሉ። ጎጆ አይሠሩም፤ የአበባ ብናኝ አይሰበስቡም፤ እንቁላላቸውን በሌላ ንብ ጎጆ ውስጥ አስቀምጠው ልጆቻቸውን በሌላዋ ልፋት ያሳድጋሉ። እነዚህ «ጥገኛ ንቦች» ይባላሉ። ከመቶ የንብ ዝርያዎች ከአሥር የሚበልጡት የዚህ ወገን ቢሆኑም፣ በመስክ ላይ ግን እያንዳንዳቸው እጅግ ብርቅ ናቸው።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን ለመመለስ እንሞክራለን። አንዲት ብርቅዬ ጥገኛ ንብ እንዴት ትገኛለች? መገኘቷ ስለ አካባቢው ምን ይነግረናል? ይህስ በሀብሩ ወረዳ ቲማቲም ለሚያመርት ገበሬ ምን ይጠቅመዋል? «የፊዚክስ መምህር ስለ ንብ ለመጻፍ ምን አገባው?» የሚል ቢኖር፣ ጥቂት ቢታገሥ መልሱን በስሌቱና በንዝረቱ ክፍል ያገኘዋል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቀፎ የሌላቸው ንቦች

ስለ ማር ንባችን እንኳ ያለን የተጻፈ ዕውቀት ገና ትኩስ ነው። ባለሙያዎች በኢትዮጵያ ስንት የማር ንብ ንዑስ ዝርያዎች እንዳሉ ለረጅም ጊዜ ሲከራከሩ ቆይተው፣ የአገራችን ማር ንብ ራሷን የቻለች ንዑስ ዝርያ ናት በሚል «ሲመንሲስ» የተሰኘ ስያሜ የተሰጣት በ2011 ነበር። በሺህ ዓመታት ከሚቆጠር ንብ የማነብ ታሪክ በኋላ ማለት ነው።

ሌላዋ የምናውቃት ጣዝማ ናት። መሬት ውስጥ ትኖራለች፤ መናደፊያዋ ለመናደፍ አያገለግልም፤ ማሯም ለመድኃኒትነት ይፈለጋል። በሳይንስ መዝገብ ስሟ የተጻፈው በ1879 ሲሆን፣ ስያሜውን የሰጠው ጣሊያናዊው ጆቫኒ ግሪቦዶ ነው። ስሙም በ1870 ወደ ቦጎስ፣ ማለትም ወደ ከረን አካባቢ ለተጓዘው ለኦዶአርዶ ቤካሪ መታሰቢያ ነው። ገበሬው ግን ጣዝማን ከዚያ በፊት ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቃት የሚቆጥር የለም። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ፤ በሳይንስ «ግኝት» ማለት ፍጡሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ማየት ማለት አይደለም። ናሙናውን አስቀምጦ፣ ከሌሎች የሚለይበትን ምልክት ጽፎ፣ ማንም ሰው ተመልሶ እንዲያረጋግጠው አድርጎ መመዝገብ ማለት ነው።

ከጣዝማ ይልቅ ብዙ ጊዜ የምናያት፣ ነገር ግን ስም ያልሰጠናት ሦስተኛ ንብ አለች። ሳይንስ «አሜጊላ» ብሎ በሚጠራው ወገን ውስጥ የሚመደቡት ንቦች ከማር ንብ ይልቅ ወፍራምና ጠጉራም ናቸው፤ በበርካታዎቹ ሆድ ላይ ነጣ ያለ ወይም ሰማያዊ ቀለበት ይታያል። በረራቸው እጅግ ፈጣን ነው፤ ከአበባ ወደ አበባ ሲሄዱ ቀጥ ብለው አየር ላይ ቆመው ከቆዩ በኋላ ድንገት ይወረወራሉ። በወንዝ ዳር ገደል፣ በደረቅ አፈርና አንዳንዴም በአሮጌ የጭቃ ግድግዳ ውስጥ ቀጭን ዋሻ ይቆፍራሉ። በዋሻው ጫፍ እናቲቱ ትንንሽ ክፍሎች አዘጋጅታ ውስጣቸውን ውኃ በማያስገባ ልባስ ትለስናቸዋለች። በእያንዳንዱ ክፍል የአበባ ብናኝና ኔክታር ለውሳ ስንቅ ታኖራለች፤ አንድ እንቁላል ትጥላለች፤ ክፍሉንም ደፍና ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ከዚህ በኋላ «ባለጎጆዋ ንብ» የምንላት እሷን ነው።

በሰው ጎጆ ውስጥ የተጣለ እንቁላል

ባለጎጆዋ ስንቅ ፍለጋ በወጣችበት ሰዓት አንዲት ጥቁር ንብ ከገደሉ ፊት ለፊት ዝቅ ብላ ወዲያና ወዲህ ስትበር ልትታይ ትችላለች። ሰውነቷ ጥቁር ሆኖ ሰማያዊ ወይም ነጭ የጠጉር ነጠብጣቦች ጣል ጣል ብለውበታል። በእግሯም ሆነ በሆዷ ሥር የአበባ ብናኝ መሸከሚያ የጠጉር ብሩሽ የላትም፤ አያስፈልጋትማ። ይህች ሳይንቲስቶች «ቲሬዩስ» በሚሉት ወገን ውስጥ የምትመደብ ጥገኛ ንብ ናት። ዋና ባለጎጆዎቿ አሜጊላዎች ናቸው።

ጥገኛዋ ቀዳዳውን ካገኘች በኋላ ወደ ውስጥ ገብታ የተደፈነውን ክፍል ትከፍታለች፤ የራሷን እንቁላል ታስገባለች፤ ክፍሉንም መልሳ ትደፍናለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ በመጀመሪያ ዕድሜው እንደ ማጭድ የሾሉ መንጋጋዎች አሉት። በእነሱ የባለጎጆዋን እንቁላል ወይም እጭ ይገድልና የተዘጋጀውን ስንቅ ብቻውን በልቶ ያድጋል። ባለጎጆዋ ለልጇ ያዘጋጀችው ክፍል በመጨረሻ የሚያወጣው የባዕድ ልጅ ነው። ጎልማሳዋ ጥገኛ ብትደረስባት እንኳ ቆዳዋ ጠንካራ ስለሆነ የባለጎጆዋ መናደፊያ በቀላሉ አይጎዳትም።

ይህን ሕይወት በሥነ ምግባር ሚዛን ለክተን «ሌባ» ብንላት ደስ ይለን ይሆናል። ነገር ግን ተፈጥሮ ላይ ፍርድ መስጠት ከሳይንስ ሥራ ውጪ ነው። የሚሻለው ጥያቄ «ይህች ንብ በሕይወት ለመኖር ምን ምን ነገር መሟላት አለበት?» የሚለው ነው። መልሱም ሰንሰለት ነው። ጥገኛዋ ያለ ባለጎጆዋ አትኖርም፤ ባለጎጆዋ ያለ አበባና ያለ ያልታረሰ የጎጆ ቦታ አትኖርም፤ አበባውም በየዓመቱ ዘር ካላፈራ አይኖርም። የሰንሰለቱ የመጨረሻ ቀለበት ያለው ጥገኛዋ ላይ ነው።

ከዚሁ ከቲሬዩስ ወገን አንዷ የአገራችንን የቀድሞ የውጭ ስም ይዛ ትገኛለች። በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ፣ በሩሲያ ጦር በጄኔራልነት ያገለገለውና የነፍሳት ተመራማሪ የነበረው ፖላንዳዊ ኦክታቪየስ ራዶሽኮቭስኪ «አቢሲኒካ» ብሎ ሰየማት። ስሟ የእኛ ነው፤ የተገለጸችው ግን በአውሮፓ ነው። በዚያ ዘመን ከአገራችን የተወሰዱት ናሙናዎች ዛሬም በአብዛኛው በአውሮፓ ሙዚየሞች መሳቢያ ውስጥ በመርፌ ተሰክተው ይገኛሉ። ንቦቹ ግን እዚሁ ስለሚኖሩ፣ የሚቀጥለውን የታሪካቸውን ምዕራፍ እዚህ መጻፍ የሚከለክለን ነገር የለም።

ጠፋች የተባለችው ንብ እንዴት ተገኘች?

ብርቅዬ ጥገኛ ንብ የምትገኝበትን መንገድ ለመረዳት ከሰሜን አሜሪካ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። በ1878 ኤዝራ ታውንሴንድ ክሬሰን የተባለ አሜሪካዊ የነፍሳት ተመራማሪ አንዲት ትንሽ ጥገኛ ንብ ገለጸ፤ ዛሬ «ኤፔኦሎይዴስ ፒሎሱላ» በሚል ስም ትታወቃለች። በየጊዜው ጥቂት ናሙናዎች ከተሰበሰቡ በኋላ ንቢቱ ከተመራማሪዎች ዓይን ተሰወረች። አሥርተ ዓመታት ሲያልፉ ብዙዎች ከምድር ጠፍታለች ብለው መጠርጠር ጀመሩ።

ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሰንሰለቷ እጅግ ጠባብ ነበርና። የእሷ ባለጎጆዎች «ማክሮፒስ» የሚባሉ ንቦች ናቸው። ማክሮፒሶች ደግሞ ለልጆቻቸው ስንቅ የሚሰበስቡት «ሊሲማኪያ» ከሚባል፣ እርጥብ ቦታ ከሚወድ ቢጫ አበባ ያለው ተክል ነው። ይህ አበባ ኔክታር የለውም፤ በምትኩ ዘይት ያመነጫል። ማክሮፒስ ዘይቱን በእግሮቿ ጠጉር እየጠረገች ትሰበስባለች። ከፊሉን ከብናኝ ጋር ለውሳ ለልጆቿ ስንቅ ታደርገዋለች፤ በከፊሉም የጎጆዋን ክፍሎች ትለስንበታለች፤ ዘይት በተቀባ ግድግዳ ውስጥ የእርጥብ መሬት ውኃ አይገባምና። እንግዲህ ተክሉ ባለበት ሁሉ ማክሮፒስ አትገኝም፤ ማክሮፒስ ባለችበትም ሁሉ ጥገኛዋ አትገኝም። እያንዳንዱ ደረጃ ከበፊቱ ይጠብባል።

በ2002 ንቢቱ በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ተያዘች። ኮሪ ሼፊልድና ባልደረቦቹም ግኝቱን በ2004 አሳተሙ። በ2006 ደግሞ በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት በከፍተኛ ኃይል የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመር ሥር ተገኘች። ቦታው ሊያስገርመን አይገባም። ከመስመሩ በታች ዛፍ እንዳያድግ በየጊዜው ስለሚመነጠር ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ የማይታረስ በመሆኑም የዱር አበባና የመሬት ውስጥ ጎጆ የሚበረክትበት ቦታ ሆኗል። ተመራማሪዎች ምን እንደሚፈልጉና የት እንደሚፈልጉ ካወቁ በኋላ ንቢቱ በሌሎችም ቦታዎች ተገኝታለች።

የፊዚክስ ተማሪ ይህን ሲያነብ የኔፕቱን ታሪክ ትዝ ሊለው ይገባል። በ1846 ፈረንሳዊው ለ ቬርዬ የዩራነስን አካሄድ መዛባት አስልቶ «ሌላ ፕላኔት እዚህ ቦታ ላይ መኖር አለበት» አለ። በርሊን የነበረው ጋለ መነጽሩን ወደዚያ አቅጣጫ ባዞረበት በዚያው ሌሊት ፕላኔቱን ከተተነበየው ቦታ ከ1 ዲግሪ ባነሰ ርቀት አገኘው። ሰማዩን በሙሉ ቢያስስ ኖሮ ዕድሜውም ባልበቃው ነበር። ጥገኛ ንብን የሚፈልግም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ተክሉን፣ ቀጥሎ ባለጎጆዋን፣ በመጨረሻ ጥገኛዋን ይፈልጋል።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ ሁለተኛ ትምህርት አለ፤ «አላየሁም» እና «የለም» አንድ አይደሉም። ለምሳሌ ጥገኛዋ በእርግጥ ባለችበት ቦታ በአንድ ጉብኝት የመታየት ዕድሏ ከመቶ 5 ነው እንበል። በአንድ ጉብኝት ያለመታየት ዕድሏ 0.95 ይሆናል። ጉብኝቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ተጽዕኖ ከሌላቸው፣ በ20 ጉብኝት ጭራሽ ያለመታየት ዕድሏ 0.95 በራሱ 20 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው፣ ማለትም 0.36 ገደማ ነው። ሃያ ጊዜ ተመላልሶ ምንም ያላገኘ ሰው «የለችም» ብሎ ቢደመድም ከሦስት ጊዜ አንድ ጊዜ ይሳሳታል ማለት ነው። ይህን ዕድል ከመቶ 5 በታች ለማድረግ ወደ 60 ጉብኝት ያስፈልገዋል። ትዕግሥት በሳይንስ ውስጥ መልካም ጠባይ ብቻ ሳይሆን የስሌቱ አካል ነው።

ጥገኛዋ ለምን ቀድማ ትጠፋለች?

ጥገኛ ንብ በተፈጥሮዋ ከባለጎጆዋ ያነሰች ናት። አንበሳ ከሚያድነው እንስሳ በቁጥር እንደሚያንስ ሁሉ፣ እሷም በሌሎች ላይ የተመሠረተች በመሆኗ አትበዛም። ዋናው ነገር ግን አካባቢ ሲጎዳ የሚሆነው ነው። ይህንንም በቀላል ምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው።

በአንድ ሸለቆ 1,000 የባለጎጆ ንብ ጎጆዎች አሉ እንበል። አንዲት ጥገኛ በዕድሜዋ በአማካይ 4 ክፍሎች አግኝታ እንቁላል ትጥላለች፤ ከእነሱም ግማሾቹ ለአቅመ በረራ ይደርሳሉ። ስለዚህ 2 ልጆች ትተካለች፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። የጥገኞቹ ቁጥር ባለበት ይጸናል። አሁን ጎጆዎቹ በእርሻ መስፋፋት ወይም በመርዝ ምክንያት ወደ 500 ወረዱ እንበል። ጥገኛዋ የምታገኘው የጎጆ ብዛት በጎጆዎቹ ጥግግት የሚወሰን ስለሆነ፣ በተመሳሳይ ድካም የምታገኘው 2 ክፍል ብቻ ይሆናል፤ የምትተካውም 1 ልጅ ነው። በእያንዳንዱ ትውልድ የጥገኞቹ ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል። በመጀመሪያ 64 ሴቶች ከነበሩ 32፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2 እያሉ በስድስተኛው ትውልድ 1 ብቻ ትቀራለች።

በዚያን ጊዜ ባለጎጆዎቹ ገና 500 ናቸው። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ንቦቹ አበባ ላይ ሲያንዣብቡ እያየ «ሁሉም ደህና ነው» ይላል። ጥገኛዋ ግን ጠፍታለች። ከዚህ ምሳሌ የምናገኘው ቁም ነገር፣ ባለጎጆዎቹ ከአንድ የተወሰነ ወለል በታች ሲወርዱ ራሳቸው ሳይጠፉ ጥገኛዋ የምትጠፋ መሆኗ ነው። እርግጥ ነው፣ በእውነተኛው ዓለም የጥገኛዋ መቀነስ ለባለጎጆዋ እፎይታ ይሰጣታል፤ የአየር ጠባይም ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ነገሩ የምሳሌውን ያህል ቀጥተኛ አይደለም። ቢሆንም አቅጣጫው አንድ ነው። ሼፊልድና ባልደረቦቹ በ2013 ባወጡት ጽሑፍ ጥገኛ ንቦችን ለአንድ አካባቢ የንቦች ጤንነት መለኪያ አድርጎ ለመጠቀም ያቀረቡት ሐሳብም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው።

ስለዚህ ጥገኛዋ እንደ ሙቀት መለኪያ ናት። ሙቀት መለኪያ በሽታን አያመጣም፤ በሽታንም አያድንም፤ የሰውነት ሁኔታ ሲለወጥ ግን ቀድሞ ያሳያል። ጥገኛዋ የምትታይበት ቦታ አበባውም፣ ያልተነካው አፈርም፣ ባለጎጆዋም በበቂ መጠን እንዳሉ ትመሰክራለች።

የእምቧይ አበባና የንብ ንዝረት

«ባለጎጆዋ ብትጠፋስ ምን ይቀርብናል? የማር ንብ አለችን» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ያለው በየመንገዱ ዳር በምናየው እምቧይ ላይ ነው። የእምቧይን አበባ ቀርበው ቢመለከቱ፣ በሐምራዊው መካከል ቢጫ ከረጢቶች ቆመው ያገኛሉ። የአበባው ብናኝ የሚገኘው በእነዚህ ውስጥ ነው። ከረጢቶቹ ግን እንደ ሌሎች አበቦች ተሰንጥቀው አይከፈቱም፤ ጫፋቸው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ አላቸው። ጨው በጨው መነስነሻ ውስጥ እንዳለ ሁሉ ብናኙ የሚወጣው ሲነቀነቅ ነው። ድንችና ደበርጃንም እንዲሁ ናቸው። የቲማቲም አበባ አሠራሩ ጥቂት ቢለይም፣ ከረጢቶቹ እንደ ቱቦ ተገጣጥመው ብናኙን በጫፋቸው ስለሚያወጡ ንዝረት ይፈልጋል። በዓለም ላይ ብናኛቸውን በእንዲህ ዓይነት ጠባብ ቀዳዳ የሚያወጡ ከ20,000 በላይ የእፅዋት ዝርያዎች አሉ።

አሜጊላ ይህን ጨው መነስነሻ መነቅነቅ ታውቃለች። አበባውን በእግሮቿ ጨብጣ ክንፎቿን አጥፋ ታስቀምጣለች፤ ከዚያም የበረራ ጡንቻዎቿን ብቻ ታንቀሳቅሳለች። ክንፉ ሳይርገበገብ ደረቷ ይንቀጠቀጣል፤ ንዝረቱም ወደ አበባው ይተላለፋል። በፊዚክስ እንደምንማረው፣ የአንድ ነዛሪ አካል የተፈጥሮ ድግግሞሽ ከግትርነቱ ዳግም ዘር ጋር በቀጥታ፣ ከመጠነ ቁሱ ዳግም ዘር ጋር ደግሞ በተገላቢጦሽ ይዛመዳል። ክንፍ ሲታጠፍ የሚንቀሳቀሰው መጠነ ቁስ ይቀንሳል፤ አየርን የመግፋት ጫናም ይቀራል። ስለዚህ ድግግሞሹ ከበረራው ድግግሞሽ ከፍ ይላል። ከእምቧይ ቁጥቋጦ አጠገብ ጸጥ ብሎ የቆመ ሰው ይህን በጆሮው ሊለይ ይችላል፤ ንቢቱ ስትበር የነበረው ወፍራም ድምፅ አበባ ላይ ስታርፍ በድንገት ይቀጥናል።

በአውስትራሊያ በአንድ የአሜጊላ ዝርያ ላይ በ2016 የታተመ ጥናት ድግግሞሹ 350 ኸርትዝ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። በፒያኖ ላይ ከመካከለኛዋ «ዶ» በላይ ያለችውን «ፋ» ያህል ማለት ነው። የንዝረቱ ስፋት 0.1 ሚሊ ሜትር ነው ብንል፣ ከፍተኛው ፍጥንጥነት ወደ 480 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይሆናል። ይህም ከመሬት ስበት ፍጥንጥነት 50 እጥፍ ገደማ ነው። እንዲህ ባለ ኃይል የተናጠ ብናኝ በቀዳዳው ቢተፋ አይደንቅም።

የማር ንብ ይህን አታደርግም። አበባውን በዚህ መንገድ መንዘር አታውቅበትም። በአውሮፓና በአሜሪካ ቲማቲም በሚያመርቱ የመስታወት ቤቶች ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩት ጠጉራሞቹና ትልልቆቹ የቦምቡስ ወገን ንቦች ናቸው፤ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለዚሁ ሥራ እየተራቡ ይሸጣሉ። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ግን የቦምቡስ ንብ በተፈጥሮ የለም። በእኛ ዘንድ ሥራው የተጣለው በአሜጊላ፣ እንጨት እየቦረቦረች በምትኖረው ትልቅ ጥቁር ንብና በመሰሎቻቸው ላይ ነው። ቲማቲም ራሱን በራሱ ማዳቀል የሚችል ተክል ነው፤ ነፋስም ጥቂት ይነቀንቀዋል። በንብ ሲነዘር ግን የሚያፈራው አበባ ይበዛል፤ ፍሬውም ዘር ሞልቶት ይወፍራል። ለዚህ አገልግሎት ገበሬው አንድም ሳንቲም አይከፍልም፤ ስለማይከፍልም መኖሩን አያውቅም።

በወልድያና በመርሳ መካከል

በቆቦ–ግራና ሸለቆና በመርሳ ዙሪያ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ይመረታል። መስኖ በደረቁ ወራት አበባ ስለሚያበዛ ለዱር ንቦች በረከት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ እያንዳንዱ ዳርቻ ሲታረስና ፀረ ተባይ አበባ ላይ በጠራራ ፀሐይ ሲረጭ በረከቱ ወደ ወጥመድ ይለወጣል። ንቢቱ የምትሞተው አበባ ላይ ብቻ አይደለም፤ የተመረዘውን ብናኝ ወስዳ ለልጇ ስንቅ ታደርገዋለች። የማር ንብ ስትሞት ባለቤቷ የሬሳ ክምር ከቀፎው ሥር አይቶ ይጮኻል። ብቻዋን የምትኖር ንብ ስትሞት ግን የሚጮኽላት የለም። ስለዚህ ነው ምስክር የሚያስፈልገን።

ይህን ምስክር መፈለግ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ተማሪዎቻችን የሚከተለውን ቅደም ተከተል ቢይዙ በቂ ነው።

1. በመጀመሪያ እፅዋቱን መመዝገብ፤ እምቧይ፣ ቲማቲም፣ ዳማከሴና በሶብላ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ከፍታ እንደሚያብቡ። ከወልድያ ወደ መርሳ ሲወረድ ከፍታው በመቶዎች ሜትር ስለሚለያይ የአበባው ጊዜም ይለያያል።

2. ቀጥሎ ባለጎጆዋን መፈለግ፤ በወንዝ ዳር ገደል፣ በመንገድ ቁራጭና በአሮጌ የጭቃ ግድግዳ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያህል የሆኑ ቀዳዳዎችን መቁጠር፣ ከፊታቸውም ቁጭ ብሎ የሚገባውንና የሚወጣውን ማየት።

3. በመጨረሻ ጥገኛዋን መጠበቅ፤ ጥቁር፣ ነጠብጣባም፣ ብናኝ የማትሸከም። ሲመሽ እነዚህ ንቦች በደረቅ ቀንበጥ ላይ በመንጋጋቸው ነክሰው ተንጠልጥለው ያድራሉና ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ሆነ ሳትወጣ መፈለግ ይጠቅማል።

4. ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና ተክሉን ከፎቶግራፍ ጋር መመዝገብ፤ ከሁሉም በላይ ምንም ያልታየበትን ጉብኝት ሳይቀር መጻፍ። ከላይ እንዳሰላነው ባዶ ጉብኝትም መረጃ ነው።

ስም መስጠት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በፎቶግራፍ ብቻ ዝርያ መለየት ብዙ ጊዜ አይቻልም። ኤርድሊ፣ ኩልማንና ፖሊ ከሰሃራ በታች ያሉትን የንብ ወገኖች ለመለየት በ2010 ያሳተሙት መጽሐፍ እስከ ወገን ድረስ ያደርሳል። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ካለው የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፣ በንብ ጉዳይ ከሆለታው የንብ ምርምር ማዕከል፣ በሰብሉ በኩል ደግሞ እዚሁ ሀብሩ ውስጥ ካለው ከሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ጋር መመካከር ይገባል።

ገበሬውም በበኩሉ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ቀላል ነገሮች አሉ። መርጨት ግድ ከሆነ ንቦች ወደ ጎጏቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ወደ ማታ መርጨት፤ ካበበ ሰብል ላይ በተቻለ መጠን መቆጠብ፤ በማሳው ዳር ጠባብ ያልታረሰ መሬት መተው፤ የንብ ቀዳዳ ያለበትን የወንዝ ዳር ገደል አለመናድ። ይህ ለንቢቱ ውለታ መዋል ብቻ አይደለም፤ የራሱን ቲማቲም መጠበቅም ነው።

ማጠቃለያ

ከአንዲት ጥገኛ ንብ ተነሥተን ወደ ቲማቲም ማሳ ደረስን። በመካከሉ የተጓዝንበት መንገድ ግን አንድ ነው። ጥገኛዋ በባለጎጆዋ፣ ባለጎጆዋ በአበባውና በአፈሩ፣ የእኛም ሰብል በባለጎጆዋ ንዝረት ላይ ተንጠልጥለናል። ከሰንሰለቱ ቀድሞ የሚበጠሰው የመጨረሻው ቀለበት በመሆኑ፣ ጥገኛዋን መፈለግ ሰንሰለቱን በሙሉ መፈተሽ ነው።

የሰሜን አሜሪካዋ ንብ ጠፋች ከተባለች በኋላ የተገኘችው፣ ከየትኛው ተክል ጀምሮ የት እንደሚኬድ የሚያውቁ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። እኛም የራሳችንን ንቦች ስምና አድራሻ ለማወቅ ሌላ ሰው ከሩቅ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። በሚቀጥለው ጊዜ በእምቧይ ቁጥቋጦ አጠገብ ሲያልፉ፣ ውድ አንባቢ፣ ለአምስት ደቂቃ ያህል ቆም ይበሉ፤ መጀመሪያ ያዳምጡ፣ ከዚያም ይመልከቱ፣ ያዩትንም ይጻፉ።